ጨዋታዎቹ ለምን ተመሳሰሉ? ስለ ፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጅ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 2 ነበረው። ዲስኮቹ ስማቸው በማርከር የተጻፈባቸው ቅጂዎች ስለነበሩ አዲስ ዲስክ ስናስገባ ምን እንደሚመጣ አናውቅም ነበር። አንዱ ኳስ እያንከባለሉ ያገኙትን ሁሉ የሚያጣብቁበት ነው፤ ሌላው ባለ ፈረሱ ልጅ ተራራ ከሚያህል ፍጥረት ጋር የሚታገልበት ነው። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 5 አለኝ። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ግን አንድ ሆነውብኛል፤ ሰውየው ከጀርባው ይታያል፣ ካርታው በምልክት ተሞልቷል፣ ይሮጣል፣ ይተኩሳል። ፈጠራ ደረቀ ወይስ እኔ አረጀሁ?»

ወንድሜ፣ አላረጀህም። ያየኸው ለውጥ በእርግጥ የሆነ ነው። ነገር ግን የሐሳብ መድረቅ ያመጣው አይደለም። በጨዋታ ፕሮግራም ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሐሳብ የታጣበት ስብሰባ ገጥሞኝ አያውቅም። የሚታጣው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ትዝታ የሚያታልልበትን እንለይ። በዚያ ዘመንም ኩረጃ ሞልቶ ነበር። በ2001 ኤድንበራ ከተማ የሚገኝ ዲኤምኤ ዲዛይን የተባለ ስቱዲዮ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 3»ን አወጣና ተጫዋቹን በአንድ ሙሉ ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በመኪና እየነዱ የሚተኮስባቸው ከተሞች እንደ አሸን ፈሉ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተኩስም እንዲሁ ነበር። ፊልም በወጣ ቁጥር አብሮት በጥድፊያ የተሠራ ጨዋታ ይወጣ ነበር፤ አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። እኛ የምናስታውሰው ከወንፊቱ ላይ የቀረውን ነው። በአገራችን ደግሞ ወንፊቱ እጅግ ጠባብ ነበር። በየሰፈሩ በተከፈቱት ፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ እየተከፈለ የሚታየው በአመዛኙ እግር ኳስ፣ እርሱም «ዊኒንግ ኢለቨን» ነበር። ለብዙዎቻችን የዚያ ማሽን ትዝታ ከእግር ኳስ አያልፍም። የአጎትህ ልጅ ቤት የከፈተልህ በር ለብዙ እኩዮችህ ዝግ እንደነበረ እወቅ።

ይህን ሁሉ ቀንሰን የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። 2001ን ብቻ ውሰድ። በዚያ ዓመት «ኢኮ» ወጣ፤ ቀንድ ያበቀለ ልጅ ቋንቋዋን የማያውቃትን ልጅ እጇን ይዞ ከግንብ ሊያወጣት ይሞክራል። «ሬዝ» ወጣ፤ እያንዳንዱ ተኩስ ከሙዚቃው ጋር ተዋሕዶ ምት ይሆናል፤ ሠሪው ቴትሱያ ሚዙጉቺ ሥራውን ለሠዓሊው ለካንዲንስኪ መታሰቢያ አድርጎታል። ሺጌሩ ሚያሞቶ በጓሮው አትክልት ሲንከባከብ የመጣለትን ሐሳብ «ፒክሚን» አደረገው፤ እስከ 100 የሚደርሱ እንደ ቡቃያ የሚነቀሉ ፍጥረታትን እያሰማራህ የተሰበረ መንኮራኩርህን በ30 ቀን ውስጥ ትጠግናለህ። «አኒማል ክሮሲንግ» የሚሸነፍ ጠላትም የሚደረስበት ፍጻሜም የሌለው የመንደር ኑሮ ነው፤ ሰዓቱ የግድግዳህ ሰዓት ነው፤ አንተ ዘንድ ሲመሽ መንደሩም ይመሻል። «ሚስተር ሞስኪቶ» በተባለው ደግሞ ተጫዋቹ ትንኝ ነው፤ በአንድ የጃፓን ቤተሰብ ቤት ውስጥ እየተደበቀ ደም ይመጥጣል። ትንኝ! ይህን ሐሳብ አንድ ሰው ለአለቆቹ አቀረበ፣ አለቆቹም «ሥራው» አሉት፣ ዲስኩም ታትሞ ሱቅ ገባ። ለጥያቄህ መልስ የሚሆነው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ እንደዚህ ያለ ሐሳብ እንዴት «እሺ» ተባለ?

አንዱ ምክንያት ሕጉ ገና አለመርጋቱ ነው።

ቀደም ባሉት ጨዋታዎች ሁሉም ነገር ከጎን ወይም ከላይ ይታይ ስለነበር «ካሜራው የት ይቁም?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 1 በ1994፣ ኒንቴንዶ 64 በ1996 መጥተው ጨዋታው ጥልቀት ባለው ዓለም ውስጥ ሲገባ ግን የማይታወቅ ነገር በዛ። ተጫዋቹ ከየት ሆኖ ይመልከት? ካሜራውን ማን ያዙረው? ግድግዳ መካከል ቢገባስ? ዞሮ መሄድና ዞሮ ማየት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? እያንዳንዱ ስቱዲዮ የየራሱን መልስ መፈለግ ነበረበት፤ እያንዳንዱ መልስም ሌላ ዓይነት ጨዋታ ይወልድ ነበር። በ1996 የወጣው «ሬዚደንት ኢቪል» ካሜራውን በየክፍሉ ጥግ ቸከለው፤ ከማዕዘኑ ወዲያ ያለው ስለማይታይ ፍርሃት ተፈጠረ። የ«ኢኮ» ሠሪ ፉሚቶ ኡዌዳ ካሜራውን እጅግ አራቀው፤ ልጁ ከግንቡ ሥር እንደ ጉንዳን ታየ፤ ብቸኝነቱ ያለ አንድ ቃል ተነገረ። በልጅነትህ ያንከባለልከው ኳስ፣ «ካታማሪ ዳማሲ»፣ የጆይስቲኩን ሁለት ዘንጎች እንደ ሁለት እጅ ወሰዳቸው፤ ሁለቱን ወደፊት ስትገፋ ኳሱ ይገፋል፣ አንዱን ብቻ ስትገፋ ይዞራል። መመሪያ ሳያነቡ እጅ ራሱ ይረዳዋል።

አሁን እንደ እስትንፋስ የተላመድነው አያያዝ፣ ማለትም በግራው ዘንግ መራመድ፣ በቀኙ ማየት፣ ያኔ እንግዳ ነበር። በ2000 ለፕሌይስቴሽን 1 የወጣው «ኤሊየን ሪዘሬክሽን» ይህንኑ አያያዝ ሲጠቀም አንድ ታዋቂ ገምጋሚ ከጨዋታው ሁሉ የሚያስፈራው አያያዙ ነው ብሎ ጽፎበታል። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ «ሄይሎ» ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር ወጣ። የሠሪው ስቱዲዮ የቡንጂ ባለሙያዎች በዚሁ አያያዝ ላይ ዓላሚውን በስውር የሚረዳ ስሌት ጨመሩበት፤ እጅ ትንሽ ቢሳሳት ማሽኑ ያቃናለታል። ነገሩ በዚያው ረጋ።

ከጀርባው የሚታየው ሰውዬህም የልደት ቀን አለው። ሺንጂ ሚካሚ «ሬዚደንት ኢቪል 4»ን በጃንዋሪ 2005 ለኒንቴንዶ ማሽን ለጌምኪዩብ ከማውጣቱ በፊት የሚሠራበት ኩባንያ ካፕኮም የሥራውን በርካታ ንድፎች ጀምሮ ጥሏል። ከተጣሉት አንዱ በሂዴኪ ካሚያ እጅ ተለይቶ አድጎ «ዴቪል ሜይ ክራይ» የተባለ ሌላ ድንቅ ጨዋታ ሆኗል። የተጣለው እንኳ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። በመጨረሻው ንድፍ ሚካሚ ካሜራውን ከጀግናው ቀኝ ትከሻ ጀርባ አኖረው። ተጫዋቹ የሚያልመውን ቦታ በትክክል አየ፤ ጀግናው ግን ከማያ ገጹ አልወጣም። በቀጣዩ ዓመት «ጊርስ ኦቭ ዋር» ይህን እይታ ወሰደ፤ የዚያ ጨዋታ መሪ ነዳፊም ከማን እንደተማረ በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ትከሻው የሁሉም ሆነ። ዛሬ ያሰለቸህ ነገር ያኔ በብዙ ድካምና በብዙ የተጣለ ሥራ የተገኘ ግኝት ነበር። የ«ግራንድ ቴፍት አውቶ 3» ክፍት ከተማ፣ የ«ሄይሎ» አያያዝ እና የ«ሬዚደንት ኢቪል 4» ትከሻ ሦስቱም የዚያው ትውልድ ልጆች ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ብትሰፋቸው ዛሬ ቴሌቪዥንህ ላይ ወደምታየው ጨዋታ እጅግ ትቀርባለህ።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ቋንቋው ተገኘ፣ ስለዚህ ፈጠራው አለቀ ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የረጋ ሕግ ፈጠራን እንደማይገድል ቅኔ ቤት ያስተምረናል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ልኩም ዜማውም የታወቀ ነው። ሆኖም ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ መምጣት አለበት። ሕጉ ለመቶዎች ዓመታት ጸንቶ ሳለ አዲስ ቅኔ አልተቋረጠም። ለምን? ሲቆጥር የዋለው ቅኔ በመምህሩ ፊት ቢሰበርበት ተማሪው የሚከስረው የአንድ ቀን ድካም ስለሆነ ነው። ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይቆጥራል። የተሰበረ ቅኔ ቤት የሚያሸጥ ቢሆን ኖሮ ተማሪው ሁሉ የመምህሩን ቅኔ ጥቂት ለውጦ ባቀረበ ነበር።

የጨዋታው ዓለም ያጣው ይህን ነው፤ ርካሽ ውድቀትን።

ካታማሪን እንውሰድ። ኬይታ ታካሃሺ የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። ናምኮ በተባለው ኩባንያ ሲቀጠር ሐሳቡን የሚሠራለት ቡድን አልነበረውም። መፍትሔ የሆነው ኩባንያው ራሱ የሚያሠለጥናቸውን ተማሪዎች ከጥቂት መሐንዲሶች ጋር አቀናጅቶ መሥራት ነው። የወጣበት ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደነበር ተነግሮለታል። በማርች 2004 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ አሜሪካ ሲደርስ በ20 ዶላር ተሸጠ። የወረቀት ስፒል ከማጣበቅ ተነሥቶ ደሴት እስከ መንቀል የሚደርስ ኳስ፣ የሚያንከባልለውም ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልዑል! ባይሸጥ ኖሮ ናምኮ ጥቂት ይቆጭ ነበር፤ አይዘጋም ነበር።

ከዚህ ጎን የዛሬውን አስቀምጥ። በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከማይክሮሶፍት ጋር ሲከራከር ሶኒ ለፍርድ ቤት ያስገባቸው ሰነዶች ነበሩ። ምስጢሩ በጥቁር ማርከር ተሰርዞ ነበር፤ በቀለሙ ሥር ግን ቁጥሩ ይነበብ ነበር። «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2» 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ሥራው በጦፈበት ጊዜ 200 ያህል ሰው ሠርቶበታል። «ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት» 212 ሚሊዮን ዶላርና 300 ያህል ሰው ፈልጓል። በአንዱ ዋጋ ከ200 በላይ ካታማሪ ይሠራ ነበር ማለት ነው። የመሸጫው ዋጋ ግን በዚሁ ልክ አላደገም፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር የነበረው አዲስ ጨዋታ ዛሬ 70 ዶላር ነው።

ገንዘቡ የት ሄደ? በአብዛኛው ወደ ዓይን ነው የሄደው። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የቴሌቪዥኑ ምስል 640 በ480 ነጥብ ገደማ ነበር። የዛሬው ባለ 4ኬ ስክሪን ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ 27 እጥፍ መሆኑ ነው። ያኔ አንድ ሠዓሊ ድንጋይን በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ ያ ድንጋይ ዛሬ ስንጥቁ፣ እርጥበቱና ሽበቱ ሁሉ ይፈለጋል። የሰው ፊት ከሆነ ደግሞ ተዋናይ ይቀጠራል፣ እንቅስቃሴው በካሜራ ይቀዳል፣ ከንፈሩ በየቋንቋው ይስተካከላል። እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን አከብራለሁ፤ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ እጃቸው የተባረከ ነው። ነገር ግን 200 ሰው ለአምስት ዓመት በደመወዝ የሚያኖር ሥራ «ትንኝ ብንሆንስ?» ብሎ መጀመር አይችልም።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ አንድ ወጣት ነዳፊ ዓይነ ስውር የሆነች ሴት ቤቷን በድምፅ ብቻ የምትዞርበትን ጨዋታ አቅርቦ ነበር። ንድፉን በአሥር ደቂቃ ተጫወትነው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጸጥ አልን። ከበላይ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ የትኛውን ጨዋታ ይመስላል? እርሱስ ስንት ተሸጠ?» የሚል ነበር። የሚመስለው ስላልተገኘለት ተዘጋ። ጠያቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በእጁ ነበር፤ ያን እንጀራ ለማንም በማይታወቅ ነገር ላይ ማስያዝ አልደፈረም። እኔ ግን ያን ንድፍ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ ዘመንም ከልክ በላይ ያወጣ ይወድቅ እንደነበር አለመናገር ትክክል አይሆንም። ሴጋ በ1999 መጨረሻ ያወጣው «ሸንሙ» እንደ ሠሪው ዩ ሱዙኪ አነጋገር 47 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። በአንድ የጃፓን ከተማ ውስጥ የእያንዳንዱ ነዋሪ ውሎ፣ የየቀኑ አየር፣ የየመሳቢያው ዕቃ ሁሉ ተሠርቶ ነበር። ድሪምካስት የተባለው ማሽን ግን ሕይወቱን በሙሉ የተሸጠው 9 ሚሊዮን ያህል ብቻ ስለሆነ ገንዘቡ የሚመለስበት ገበያ አልነበረም። ሴጋ በጃንዋሪ 2001 የማሽን ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ውድቀቱን «ሸንሙ» ብቻውን አላመጣውም፤ ቀደም ያሉት የማሽን ስሕተቶቹም ነበሩበት። ሆኖም ያች ትንሽ ነጭ ማሽን በሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣችው ይገርመኛል። ፊቱ የሰው የሆነ ዓሣ በማይክሮፎን የሚያወሩበት «ሲማን»፣ በማራካስ የሚጫወቱት «ሳምባ ዴ አሚጎ»፣ በቀለም እንደተሣለ ካርቱን የሚታየው «ጄት ሴት ሬዲዮ»፣ ከሌላ አህጉር ሰው ጋር በስልክ መስመር አብረው የሚዘምቱበት «ፋንታሲ ስታር ኦንላይን» ሁሉም የእርሷ ናቸው።

ማሽኖቹ ራሳቸውም አይመሳሰሉም ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 ልዩ ጠባይ ያላቸው ሁለት የስሌት ክፍሎች ነበሩት፤ ለፕሮግራመር አስቸጋሪ ነበር፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ መንገድ ስለገራው የእያንዳንዱ ጨዋታ ምስል የራሱ መልክ ነበረው። ኤክስቦክስ ሃርድ ዲስክ የተገጠመለት ኮምፒውተር ነበር ማለት ይቻላል። ጌምኪዩብ 1.5 ጊጋባይት ያህል በምትይዝ ትንሽ ዲስክ ይሠራ ነበር። ዛሬ የፕሌይስቴሽን 5ና የአዲሱ ኤክስቦክስ ዋና ክፍሎች ከአንድ ኩባንያ፣ ከኤኤምዲ፣ ይመጣሉ፤ ትልልቅ ስቱዲዮዎችም የራሳቸውን የጨዋታ ሞተር፣ ማለትም ጨዋታ የሚገነባበትን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ እየተዉ አንሪል ወደተባለው የጋራ ሞተር እየገቡ ነው።

ማነስም ያግዝ ነበር። በኤፕሪል 2006 የወጣው «ኦካሚ» ሲጀመር እውነተኛ ተፈጥሮን ለመምሰል የታሰበ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 ያን መሸከም አልቻለም። ሠሪዎቹ ወደ ጃፓን የቀለም ብሩሽ ሥዕል ተመለሱና ብሩሹን ራሱን የመጫወቻው መሣሪያ አደረጉት፤ ጠላትን በቀለም መስመር ትቆርጣለህ፣ ክብ ሥለህ ፀሐይ ታወጣለህ። ጉልበት ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተወለደ ነበር።

ስለ ገዢውም አንድ ነገር ልበል። ፕሌይስቴሽን 2 የዲቪዲ ማጫወቻም ስለነበር ጨዋታ የማይወድ ቤተሰብ ሁሉ ገዛው፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ገበያው እንዲህ ሲሰፋ ጥቂት ሰው ብቻ የሚወደው ጨዋታም ወጪውን የሚሸፍንለት ወዳጅ ያገኛል። እንግዳ መሣሪያም ይሸጣል፤ በ2003 በቴሌቪዥን ላይ የምትቀመጠው ካሜራ አይቶይ፣ በ2004 የሲንግስታር ማይክሮፎን፣ በ2005 የ«ጊታር ሂሮ» ጊታር መጡ።

ስብራቱ የመጣው በ2005 መጨረሻና በ2006 ነው። ኤክስቦክስ 360ና ፕሌይስቴሽን 3 ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል ይዘው ሲመጡ ወጪው በአንድ ጊዜ አሻቀበ። «ኦካሚ»ን የሠራው የካፕኮም ክንፍ፣ ክሎቨር ስቱዲዮ፣ ሥራው ሽልማት እያገኘ ሳለ ስላልተሸጠለት በዚያው ዓመት እንዲበተን ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጠፉት በአብዛኛው መካከለኞቹ ኩባንያዎች ናቸው። ሚድዌይ በ2009 ከሰረ፤ ቲኤችኪው በ2012 መጨረሻ ተከተለው። እነዚህ ቤቶች ያወጡት ሁሉ ድንቅ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙው ተራ ነበር። ነገር ግን እንግዳ ሐሳብ የሚያድረው በእንደነዚህ ያሉ ቤቶች ነበር።

አሁን ቅር የሚልህን ነገር ልናገር፤ የዛሬዎቹን ኦሪጅናል ጨዋታዎች ብትቆጥራቸው ከ2001ዱ ይበዛሉ። ከ2008ቱ «ብሬይድ» ከተባለው ትንሽ ጨዋታ ወዲህ ጨዋታ በኢንተርኔት መሸጥ ሲቻል ርካሽ ውድቀት በሌላ በር ተመለሰ። «ቤባ ኢዝ ዩ» ውስጥ የጨዋታው ሕግ ራሱ በቃላት ተጽፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቃሉን ገፍተህ ሕጉን ትለውጣለህ። «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን»ን ሉካስ ፖፕ የተባለ አንድ ሰው በሁለት ቀለም ብቻ ሠራው፤ በመርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች እንዴት እንደጠፉ በማስተዋል ብቻ ትደርስበታለህ። የ2024ቱ «ባላትሮ» የአንድ ሰው ሥራ ነው። እነዚህን አንድም ትልቅ ማስታወቂያ አያሳይህም፤ ስለዚህ «አንድ ሆነውብኛል» ማለትህ እውነት ቢሆንም ያየኸው ያለው ሁሉ አይደለም።

የጎደለው ግን ጎድሏል። «ኢኮ»ን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም፤ የልጁ አወዳደቅ፣ የልጅቷ ማመንታት፣ የግንቡ ስፋት የብዙ ባለሙያ እጅ ይፈልጋል። 300 ሰውም አይሠራውም፤ ኡዌዳ ይታወቅበት የነበረው ጠላትን፣ ንግግርን፣ የስክሪን ምልክትን እየቀነሰ በመሄድ ነው፤ 300 ሰው የሠራውን «ይቅር» ማለት ደግሞ እጅግ ያስከፍላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚመጥነው ባለሙያ የሞላበት፣ ግን አንድ ገበታ ዙሪያ ሊመክር የሚችል ቡድን ነው። «ኢኮ» የተወለደበት የሶኒ ጃፓን ስቱዲዮ በ2021 ሲበተን የቀረችው ትንሽ ክፍል፣ ቲም አሶቢ፣ በ60 ገደማ ሰው «አስትሮ ቦት»ን ሠርታ የ2024ን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት ወሰደች። ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም፤ ብርቅ ሆነ እንጂ። የትልልቆቹ ኩባንያዎች አለቆች ይህን ቁጥር ተመልክተው አንዱን 200 ሚሊዮን ለአሥር ቡድን ቢያካፍሉት እኔ የምመኘው ዘመን በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

አንተስ ምን ትጫወት? ፕሌይስቴሽን 5 የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን ስለሚቀበል በልጅነትህ ያየኸውን ባለ ፈረስ ልጅ እንደገና ታገኘዋለህ። ስሙ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» ነው፤ ኡዌዳ ከ«ኢኮ» በኋላ በ2005 ያወጣው ሲሆን በ2018 በአዲስ ግራፊክስ እንደገና ተሠርቷል። በዚያ ሰፊ ምድር ከ16ቱ ግዙፎች በቀር የምትዋጋው የለም። ካታማሪም «ሪሮል» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት በ2020 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቷል። «ኦካሚ» አለ፣ «ሬዝ ኢንፊኒት» አለ። ከአዲሶቹ «ኦብራ ዲን»ን አስቀድም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገብህ አኑር።

የአጎትህ ልጅ ያረጀውን ማሽንና ባለ ማርከር ዲስኮቹን አልጣላቸው እንደሆነ ደግሞ «ኢኮ» የተጻፈበት ካለ ፈልጉት። ሁለቱን ጨዋታዎች አንድ የሚያደርጋቸው አንድ ቁልፍ አለ፤ በፕሌይስቴሽን 2ቱ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» አር1ን ተጭነህ የግዙፉን ፀጉር ጨብጠህ ትንጠለጠላለህ፤ በ«ኢኮ» ያንኑ አር1 ስትጫን የልጅቷን እጅ ትይዛለህ፤ ጣትህን እስክታነሣ ድረስም አትለቃትም።